ቤት ውስጥ አንባቢ ልጅ ማሳደግ፦ ለሐዋሳ ቤተሰቦች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ ከ3 እስከ 12 ዓመት ዕድሜ ያለው ልጅ ቤታቸው ውስጥ ላለ ወላጆች፣ አያቶች፣ ታላላቅ ወንድሞችና እህቶች የተጻፈ ነው። መነሻችን አንድ ነው፦ በየቀኑ በታወቀ ሰዓት አብሮት የሚቀመጥና የሚሰማው አንድ የቤተሰብ ሰው ያገኘ ልጅ አራት መጻሕፍት ብቻ ቢኖሩትም ንባብን ይወዳል። ይህን ሰው ያላገኘ ልጅ መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ ቢገዛለትም የሚገልጠው በፈተና ሰሞን ነው። ስለዚህ ከሰዓትና ከሰሚ እንጀምራለን፤ መጽሐፍ መግዛቱ በኋላ ይመጣል።

ሰዓቱን ቁረጡ

የንባብ ሰዓት የሚጸናው ቤቱ ውስጥ አስቀድሞ ካለ ልማድ ጋር ሲታሰር ነው። «ጊዜ ስናገኝ እናነባለን» የተባለበት ቤት ሁለተኛው ሳምንት ላይ ያቆማል። ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጅ 10 ደቂቃ ይበቃል። ከ5 እስከ 7 ዓመት 15 ደቂቃ፣ ከ8 ዓመት በላይ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይሁን። ልጁ «ትንሽ ጨምሩልኝ» እያለ ብታቆሙ ይሻላል፤ እየተቁነጠነጠ የጨረሰ ልጅ ነገ ሲጠራ ይደበቃል።

ለብዙ ቤት የሚስማማው የቡና ሰዓት ነው። ቡናው ሲቆላና ሲወቀጥ ልጁ የሚነበበውን ይመርጣል። አቦል ሲቀዳ ትልቅ ሰው ያነብለታል። ቶና ላይ ተራው የልጁ ነው። በረካ ሲደርስ መጽሐፉ ይዘጋና ወሬው ይቀጥላል። የቡና ሰዓት ጥቅሙ ሰሚ አይታጣበትም። ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል፤ ጎረቤት ሲሰበሰብ «እስቲ አንብቢላቸው» የሚል አይጠፋም። ልጅን በእንግዳ ፊት አቁሞ ማስነበብ ንባብን ፈተና ያደርገዋል፤ ከተሰናከለች ያፈረችበትን ነገር ደግማ መንካት አትፈልግም። ራሷ «ላንብብላችሁ» ካላለች በቀር እንግዳ ባለበት ቀን ንባቡን ወደ መኝታ ሰዓት አዙሩት።

በየቀኑ ቡና የማይፈላበት ቤት የመኝታን ሰዓት ይያዝ። ከእራት በኋላ፣ ለትንንሾቹ ማታ 1 ሰዓት ተኩል፣ ለትልልቆቹ 2 ሰዓት አካባቢ ቢሆን ልጁ ገና አልደከመም። በሐይቁ ዳር ሰፈሮች ማታ ማታ የወባ ትንኝ ስለሚበዛ አጎበር ውስጥ ሆናችሁ አንብቡ። መብራቱ ግን ከአጎበሩ ውጭ ይሁን። ሻማና ኩራዝ አጎበር አጠገብ ፈጽሞ አይቀመጡ፤ አጎበር በሰከንዶች ውስጥ ይያያዛል።

መብራት በጠፋ ቁጥር ንባቡ እንዳይቋረጥ አንድ ትንሽ የሶላር መብራት ቀን ፀሐይ ላይ አስቀምጣችሁ አዘጋጁ። እሱ ከሌለ የስልኩን ባትሪ አብሩና መብራቱ ወደ ላይ እንዲሆን አስተኙት፤ ከዚያ ውሃ የተሞላ፣ ወረቀቱ የተላጠለት የሃይላንድ ጠርሙስ በላዩ አቁሙ። ውሃው ብርሃኑን ይበትነዋል፤ ገጹም ሳያንጸባርቅ ይነበባል። መብራቱ ከልጁ ትከሻ ጀርባ ይምጣ እንጂ ዓይኑ ላይ አይብራ። በመጽሐፉና በዓይኑ መካከል ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ይኑር።

በኢንዱስትሪ ፓርኩ ወይም በሆቴል በፈረቃ ለሚሠሩ ወላጆች አንድ ሰው ብቻውን ሰዓቱን ሊጠብቅ አይችልም። ግድግዳ ላይ የሳምንቱን 7 ቀናት የያዘ ወረቀት ለጥፉና ከእያንዳንዱ ቀን ጎን የአንባቢውን ስም ጻፉ፦ እናት፣ አባት፣ ታላቅ እህት፣ አክስት። ማንም በማይኖርበት ምሽት እናት አስቀድማ ድምፅዋን ስልክ ላይ ትቅዳለት፤ ገጽ በሚገለጥበት ቦታ ሁሉ ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ መታ ታድርግ። ልጁ መጽሐፉን ይዞ እየሰማ፣ ምቱን ሲሰማ ገጽ ይገልጣል። የ5 ዓመት ልጅ ይህን በአንድ ምሽት ይለምደዋል።

ስታነቡለት

ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ መጽሐፉ በመካከላችሁ ይሁን። ፊት ለፊት የተቀመጠ ልጅ ፊደሉን ተገልብጦ ነው የሚያየው። መጀመሪያ የሽፋኑን ሥዕል አሳዩትና «ስለ ምን ይመስልሃል?» በሉት። ግምቱ ትክክል መሆን አለመሆኑን አትንገሩት፤ ራሱ እስኪደርስበት ይጠብቅ። ስታነቡ አመልካች ጣታችሁ ከቃሉ በታች ይሂድ። ቃሉን ከሸፈናችሁት ድምፁን ይሰማል እንጂ ቅርጹን አያይም።

በአንድ መጽሐፍ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ብቻ ቆማችሁ ጠይቁ። «ጅቡ ወዴት ሄደ?» በአንድ ቃል ያልቃል። «ጅቡ ለምን ተመልሶ የመጣ ይመስልሻል?» ግን ያስባል፣ ያናግራል። ከጠየቃችሁ በኋላ በልባችሁ እስከ 5 ቁጠሩ። አብዛኞቻችን ሁለት ሳንቆጥር መልሱን ራሳችን እንሰጣለን፤ ልጁም ዝም ካለ መልስ እንደሚሰጠው ይማራል። በየገጹ መጠየቅ ደግሞ ታሪኩን ይቆራርጠዋል።

ሲያልቅ ፈተና አታውጡ። ታሪኩን ላልሰማ ሰው ይንገር፦ ከሥራ ለገባ አባት፣ ጓዳ ለነበረች አክስት፣ በስልክ ለአያት። ያልገባው ቦታ ሲነግር ይታያል፤ እናንተም ነገ ያን ገጽ ደግማችሁ ታነባላችሁ።

ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ያንኑ መጽሐፍ ሃያ ጊዜ ቢጠይቅ ሃያ ጊዜ አንብቡለት። አዋቂን የሚያሰለቸው ድግግሞሽ ለልጁ ዋናው ሥራ ነው። በመጀመሪያው ንባብ ታሪኩን ይይዛል፤ በኋላ ቃላቱን፣ ከዚያም የትኛው ቃል የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ያውቃል። ደክሟችሁ ገጽ ብትዘሉ «አልፈሻታል!» የሚለው ለዚህ ነው።

ሲያነብላችሁ

እዚህ ላይ ቤተሰብ ብዙ ይሳሳታል፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ። ልጁ ሲያነብ የእናንተ ሥራ መስማት ነው። አንድ ቃል ላይ ሲቆም ወዲያው አትንገሩት፤ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ጠብቁ። ካልወጣለት የመጀመሪያውን ፊደል አብራችሁት አንብቡ። አሁንም ካልሆነ ቃሉን ንገሩትና ይቀጥል። አንድ ቃል ላይ ሁለት ደቂቃ የተጨነቀ ልጅ የዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ይጠፋበታል፤ ቃሉን ቢያገኘውም ምን እንዳነበበ አያውቅም።

ሲሳሳት ስሕተቱን ለዩ። ጽሑፉ «በሬው ሣሩን ጋጠ» ብሎ ልጁ «በሬው ሣሩን በላ» ካለ ሐሳቡን ይዟል ማለት ነው፤ በዚያን ሰዓት እለፉት። «በሬው ሣሩን ጋገረ» ካለ ግን የመጀመሪያውን ፊደል አይቶ የቀረውን ገምቷል። እስከ አራት ነጥቡ ይሂድ፤ ከዚያ «በሬ ሣር ይጋግራል እንዴ?» በሉት። ስቆ ተመልሶ ያነበዋል። ራሱን ማረም የጀመረ ልጅ ከማንኛውም አስተማሪ የሚልቅ ነገር አገኘ። በየቃሉ የሚታረም ልጅ ግን ከእያንዳንዱ ቃል በኋላ ቀና ብሎ ፊታችሁን ማየት ይጀምራል። ይህን ካያችሁ እርማት እንደበዛበት እወቁና ለአንድ ሳምንት ምንም ሳታርሙ ስሙት።

ፍጥነት ለጎደለው ልጅ የቀደመው የቤተ ክህነት ትምህርት ያስቀመጠልን መንገድ ዛሬም ይሠራል። የኔታ ዘንድ አንዱ ጽሑፍ መጀመሪያ በግዕዝ ንባብ ፊደል በፊደል ይቆጠራል፣ ቀጥሎ በውርድ ንባብ ቀስ ብሎ ይነበባል፣ በመጨረሻ በቁም ንባብ እንደ ንግግር ይወርዳል። ቤት ውስጥም ከ50 እስከ 60 ቃል ያላት አንዲት አንቀጽ ምረጡና በአንድ ምሽት ሦስት ጊዜ ያንብባት፦ አንዴ በጣት እየተከተለ፣ አንዴ ሳይጣደፍ፣ አንዴ ለሚሰማው ሰው እንደሚናገር አድርጎ። አራተኛ ጊዜ አትጨምሩ፤ በቃሉ ያዘውና ዓይኑ ከገጹ ይነሣል።

ፊደል በካርድ

የአማርኛ ፊደል 33 ዋና ፊደላት በ7 ቅርጽ፣ 231 ምልክት ነው። እንደ ሏ፣ ቧ ያሉት ዲቃላ ፊደላት ከዚህ ቁጥር ውጭ ናቸው። «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያለ በዜማ የሚወርድ የ5 ዓመት ልጅ ፊደል ያወቀ ይመስላል። ፈትኑት፦ ከካርቶን ላይ አንድ ፊደል ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ ቁረጡና ገበታው ላይ በዘፈቀደ አሳርፉት። ከመጀመሪያው ጀምሮ ካልቆጠረ የማያውቀው ከሆነ የያዘው ዜማውን ነው። ዜማው መጥፎ አይደለም፤ ብቻውን ግን ንባብ አይሆንም።

ስለዚህ ከ7 ፊደላት ጀምሩ፦ ለ፣ መ፣ ረ፣ ሰ፣ በ፣ ተ፣ ነ። በ7 ቅርጻቸው 49 ካርድ ይሆናሉ። ካርዱን ከብስኩት ወይም ከጫማ ካርቶን 5 በ7 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡና በወፍራም ጥቁር እስክርቢቶ ጻፉ። ሳድሶቹን፣ ማለትም ል፣ ም፣ ር፣ ስ፣ ብ፣ ት፣ ን፣ ሁለት ሁለት ቅጂ ሥሩ፤ አማርኛ ሲጻፍ በብዛት የሚፈለጉት እነሱ ናቸው። ጠቅላላው 56 ካርድ ነው።

በእነዚህ ብቻ ላም፣ ማር፣ ቤት፣ በር፣ ሎሚ፣ ብር፣ ሳር፣ ሰላም፣ ነብር፣ ተማሪ፣ መሰላል ይጻፋሉ። ልጁ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያውቀውን ነገር ስም በእጁ ገጣጥሞ ያነባል። ሁለት መቶ ምልክት እስኪሸመድድ ከሚጠብቅ ልጅ ይህ በብዙ ይለያል።

በቀን 3 አዲስ ካርድ በቂ ነው። ቅርጾቹን ስታስተምሩ ሕጉን ንገሩት፦ ካዕብ ከወገቡ በስተቀኝ ትንሽ እጅ ያወጣል፤ ሣልስ ያችኑ ከእግሩ ሥር፤ ኃምስ ከእግሩ ሥር ቀለበት ያስራል። ሉ፣ ሊ፣ ሌ ወይም ቡ፣ ቢ፣ ቤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሕጉ በግልጽ ይታያል። ሳድስ ግን ሕግ የለውም፤ ል፣ ም፣ ን፣ ር እያንዳንዳቸው በራሳቸው ይታወቃሉ፤ ጊዜ የሚወስዱትም እነሱ ናቸው። ረ፣ የ እና ፈ ደግሞ ከሕጉ ያፈነገጡ ቤተሰቦች ስለሆኑ ለብቻቸው አስተምሯቸው።

ተመሳሳይ ቅርጾችን አንድ ቀን አታቅርቡ። ለ እና ሰ፣ ቀ እና ተ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ፣ ጠ እና ጨ ቢያንስ በአንድ ሳምንት ይራራቁ። መጀመሪያ አንዱን አጽንቶ ይያዝ፤ ከዚያ ሁለተኛው ሲመጣ ልዩነቱን ራሱ ያሳያችኋል።

ማጥበቅና ማላላት በጽሑፍ አይታይም። «ዋና ይችላል» እና «ዋና ከተማ»፣ «ገና አልመጣም» እና «የገና በዓል» አንድ ዓይነት ተጽፈው ሁለት ዓይነት ይነበባሉ። ልጁ ቢሳሳት የፊደል ጉድለት ስላልሆነ አትቆጡት። ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻ አንብቦ ይመለስ፤ የሚያውቀው ቃል ከሆነ አፉ ራሱ ያስተካክለዋል። ድምፃቸው አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ እንዲሁም ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለጀማሪ አንድ ላይ አይሰጡ። የከተማችን ስም እንኳ በየታፔላው «ሐዋሳ»፣ «ሀዋሳ»፣ «አዋሳ» ተብሎ ይገኛል። ለአንድ የ6 ዓመት ልጅ «ሦስቱም ይነበባሉ» ማለት ይበቃል።

ካርዱን ቤት ትታችሁ መንገድም ተጠቀሙ። ከፒያሳ ወደ ፍቅር ሐይቅ ስትወርዱ «የዛሬ ፊደላችን በ ናት» በሉና ልጁ በባጃጅ ጀርባ፣ በሱቅና በፋርማሲ ታፔላ ላይ 10 ጊዜ ያግኛት። እሑድ አሞራ ገደል ዓሣ ስትበሉ ዋጋው የተጻፈበትን እሱ ያንብብ። ንባብ ለአንድ ነገር ሲጠቅም ማየት ለልጅ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለት ፊደል ባለበት ቤት

ሐዋሳ ውስጥ ብዙ ልጆች አማርኛን በግዕዝ ፊደል፣ ሲዳምኛንና እንግሊዝኛን በላቲን ፊደል ይማራሉ። ይህ አያደናግርም፤ የሚያደናግረው ሳይነገረው ሲቀላቀልበት ነው። ልጁ ቤት ውስጥ በብዛት በሚናገረው ቋንቋ ጀምሩ፤ የማያውቀውን ቋንቋ ፊደል ሲያነብ ድምፅ ያወጣል እንጂ ትርጉም አያገኝም። በአንዱ ቀላል ዓረፍተ ነገር ሳይጨነቅ ማንበብ ከቻለ በኋላ ሁለተኛው ይፈጥናል።

የላቲኑ ችግር አንድ ምልክት በሁለት ቋንቋ ሁለት ድምፅ መያዙ ነው። ኤክስ የምንለው ፊደል በሲዳምኛ «ጥ» ነው፤ በእንግሊዝኛ «ክስ»። ሲ የምንለው በሲዳምኛ «ጭ» ሲሆን በእንግሊዝኛ አንዴ «ክ» አንዴ «ስ» ይሆናል። ኪው በሲዳምኛ «ቅ» ነው። ሦስቱን በአንድ ወረቀት ላይ በሁለት ቀለም ጽፋችሁ ለጥፉ፤ ለሲዳምኛ አረንጓዴ፣ ለእንግሊዝኛ ሰማያዊ። የመጻሕፍቱም ጀርባ በዚያው ቀለም ምልክት ይደረግበት። ሲዳምኛ የጠበቀውን ፊደልና የረዘመውን አናባቢ ደርቦ ይጽፋል። ይህን የለመደ ልጅ አማርኛ ላይ ማጥበቂያውን ፈልጎ ሲያጣ ግራ ይጋባል፤ «አማርኛ አይጽፈውም፣ አንተ ታውቀዋለህ» ብላችሁ ንገሩት።

ማንበብ የማይችሉ አያት ካሉ

እንግዲያው ዕድለኛ ቤት ነው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የሚመልስ፣ «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» የሚል ልጅ ታሪክ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ እንዳለው ፊደል ሳይቆጥር አውቋል። አያት በለመዱት ቋንቋ ይናገሩ፤ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ ከምባትኛ፣ ጉራጊኛ፣ አማርኛ፣ የቱም ይሁን። ለልጁ ሲባል በማይመቻቸው ቋንቋ እንዲያወሩ ከተገደዱ ተረቱ ይደርቃል።

ያንን ተረት መጽሐፍ አድርጉት። ልጅ የራሱ አያት የተናገሩትን፣ በራሱ እጅ የተጻፈውን መጽሐፍ ከየትኛውም የተገዛ መጽሐፍ ይበልጥ ያነበዋል። የሚያስፈልገው 6 የኤ4 ወረቀት፣ አንድ ካርቶን ወይም ወፍራም ወረቀት ለሽፋን፣ ወፍራም መርፌ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ጠንካራ ክር፣ ማስመሪያና እርሳስ ነው።

1. አያት ሲናገሩ ስልክ ላይ ቅዱ። ከ3 እስከ 4 ደቂቃ የሚሆን ተረት ይበቃል፤ የሚረዝም ከሆነ ልጁ ሳይጨርስ ይሰለቻል።

2. ልጁ እየሰማ በሻካራ ወረቀት ላይ ይጻፍ። መጻፍ ካልቻለ እሱ ይናገር፣ እናንተ የተናገረውን እንዳለ ጻፉለት። አረፍተ ነገሩን አታሳምሩበት፤ የራሱ ቃል ከሆነ ሲያነበው ይገምተዋል።

3. ታሪኩን በ10 ቦታ ክፈሉት። 6ቱ ወረቀቶች አንድ ላይ ተደርበው ከመካከል ሲታጠፉ 24 ገጽ ይሆናሉ። የመጀመሪያው ለርእስ፣ የመጨረሻው ባዶ፤ በቀሩት 22 ላይ 10 ጊዜ ጽሑፍ በግራ፣ ሥዕል በቀኝ ይመጣል፤ 2 ገጽ ይተርፋል። እሱ ላይ የአያት ስም፣ የተነገረበት ቀንና ሰፈር ይጻፍ።

4. ሽፋኑን በአንድ ሳንቲ ሜትር አስበልጣችሁ ቁረጡና አብራችሁ እጠፉት። በእጥፋቱ መሥመር ላይ ሦስት ቀዳዳ ምልክት አድርጉ፦ አንዱ መካከል 10 ሴንቲ ሜትር ተኩል ላይ፣ ሁለቱ ከሁለቱም ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገባ ብለው። ወረቀቱን ገልጣችሁ በመርፌ ብሱ። ለልጁ መበሳቱን እናንተ ሥሩለት።

5. ክሩን ከውስጥ በመካከለኛው ቀዳዳ ወደ ውጭ አውጡ፤ 10 ሴንቲ ሜትር ጭራ ውስጥ ይቅር። ከውጭ በላይኛው ቀዳዳ ወደ ውስጥ አስገቡ። ውስጡን መካከለኛውን አልፋችሁ በታችኛው ወደ ውጭ አውጡ። ከዚያ በመካከለኛው ወደ ውስጥ መልሱት። ሁለቱ ጭራዎች ረጅሙን ክር በግራና በቀኝ ይዘውት ሁለት ጊዜ ይቋጠሩ።

ክሩን ወደ ጎን ከሳባችሁት ወረቀቱ ይቀደዳል፤ ሁልጊዜ በእጥፋቱ አቅጣጫ ሳቡት። በስቴፕለር ማሰር ይፈጥናል፣ ነገር ግን በክረምት ሽቦው ይዝግና ወረቀቱን ያቆሽሸዋል፤ የትንንሽ ልጆችንም ጣት ይወጋል።

መጽሐፍ ማግኘትና መምረጥ

ለልክ አምስት ጣትን ተጠቀሙ። ልጁ ከመጽሐፉ መካከል አንድ ገጽ ያንብብ፤ የማያውቀው ቃል በመጣ ቁጥር አንድ ጣት ያንሣ። ገጹ ሳያልቅ አምስቱም ከተነሡ ያ መጽሐፍ እናንተ የምታነቡለት ነው። ሁለትና ሦስት ከሆነ ራሱ ያንብበው። ምንም ካልተነሣ ለደስታው ያንብበው፤ ቀላል መጽሐፍ ማንበብ ጊዜ ማባከን አይደለም።

መንገድ ዳር አንጥፈው ከሚሸጡ የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች ስትገዙ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ ብቻ አትዩ፤ ከመካከል የጎደለ ገጽ እንዳለ ቁጥሩን እየተከተላችሁ ገልጡ። የታሪኩ መጨረሻ የጎደለበት ልጅ ያዝናል። የሻገተ ጠረን ያለው መጽሐፍ ከሌሎቹ ጋር አይቀመጥ።

ከሁሉ የሚረክሰው ግን በሰፈር መለዋወጥ ነው። 5 ቤተሰቦች አራት አራት መጽሐፍ ቢያዋጡ እያንዳንዱ ቤት 20 መጽሐፍ አለው። አንድ ደብተር ክፈቱ፤ የመጽሐፉ ስም፣ የባለቤቱ ቤት፣ የወሰደው ልጅ፣ የወጣበትና የተመለሰበት ቀን ይጻፍበት። መለወጫው ቅዳሜ ከሰዓት ይሁን፤ መዝጋቢዎቹም ልጆቹ ራሳቸው ይሁኑ። የቀደደ ልጅ ገንዘብ አይክፈል፤ አብሮ ይጠግን። መጠገኛው 1 የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በ5 ማንኪያ ውሃ በጥብጦ እሳት ላይ እስኪወፍር እያማሰሉ የተሠራ ማጣበቂያ ነው። ሲቀዘቅዝ በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡና ቀጭን ነጭ ወረቀት አልብሱት፤ ላስቲክ ከላይና ከታች አድርጋችሁ ሌሊቱን ከባድ ነገር ጫኑበት። ፕላስተር ለጊዜው ይይዛል፤ ቆይቶ ግን ይቢጫል፣ ሲላጥም ፊደሉን ይዞ ይነሣል።

ቤት ውስጥ በአንድ ጊዜ ከ6 እስከ 8 መጻሕፍት ብቻ፣ ሽፋናቸው ፊት ለፊት እየታየ፣ ልጁ እጁ በሚደርስበት ቁመት ይቀመጡ። ለትንንሾቹ ከወለል 60 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ጥሩ ነው። የቀሩትን ደብቁና በየሁለት ሳምንቱ ለውጡ። መደርደሪያው ከግድግዳ 5 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ እግሩም ከወለል ከፍ ይበል፤ ምስጥና የክረምት እርጥበት የሚመጡት በዚያ በኩል ነው። የረጠበ መጽሐፍ ፀሐይ ላይ አይሰጣ፤ ወረቀቱ ይጨማደዳል። በየ10 ገጹ ሶፍት አስገብታችሁ ጥላ ውስጥ፣ ንፋስ በሚገባበት፣ አቁማችሁ አድርቁት፤ ሶፍቱን በየሰዓቱ ለውጡ።

ሲያቆም

9 እና 10 ዓመት ላይ ብዙ ልጆች ያቆማሉ። መጽሐፉ ረዝሟል፣ ሥዕሉ ጠፍቷል፤ ቤተሰቡም «አሁን ራሱ ይችላል» ብሎ ለእሱ ማንበቡን ትቷል። መድኃኒቱ መመለስ ነው። የመጀመሪያውን ምዕራፍ እናንተ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት፤ ነገሩ በጦዘበት ቦታ አቁሙና መጽሐፉን ክፍት አድርጋችሁ አጠገቡ ተዉት። የሚያነበውን አትናቁበት። የስፖርት ጋዜጣ፣ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ታሪክ፣ የሥዕል ታሪክ፣ ብስክሌት ስለመጠገን የተጻፈ፣ ሁሉም ንባብ ነው።

በገጽ ልክ ገንዘብ አትስጡ፤ ገንዘቡ የቆመ ቀን ንባቡም ይቆማል። «አጥፍተሃል፣ ተቀምጠህ አንብብ» የሚለውም ይቅር፤ መጽሐፍ ቅጣት ከሆነ ማን ይወደዋል? በንባብ ሰዓት የሁሉም ስልክ፣ የወላጅም ጭምር፣ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። የሚያነብ አባት ያየ ልጅ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ያ አባት የያዘው ጋዜጣም፣ መጽሐፍ ቅዱስም፣ ቁርአንም ሊሆን ይችላል።

ልጁ መጽሐፉን ከ20 ሴንቲ ሜትር በታች አስጠግቶ የሚይዝ፣ መሥመር የሚዘል፣ ካነበበ በኋላ ራሱን የሚያመው ከሆነ ስንፍና ነው ብላችሁ አትፍረዱ፤ ዓይኑን አስመርምሩ። ተጠርቶ የማይሰማ ከሆነ ጆሮውም ይታይ። እስከ 7 ዓመት ፊደል መገልበጥና ማምታታት የተለመደ ነው። ሁለት ዓመት በደንብ ከተማረ በኋላም በቀላል ቃላት ላይ ከተቸገረ ግን ከመምህሩ ጋር ተቀመጡና የት ላይ እንደሚደናቀፍ አብራችሁ ለዩ።

ሰዓቱ መቋረጡ አይቀርም፤ ለቅሶ ይመጣል፣ ፍቼ ጨምበላላ ይመጣል፣ እንግዳ ያድራል፣ ልጁ ይታመማል። ከሦስት ቀን በላይ ከተቋረጠ ያመለጠውን ለማካካስ አትሞክሩ። በ5 ደቂቃ፣ ልጁ በቃሉ በሚያውቀው አሮጌ መጽሐፍ ጀምሩ፤ አዲሱን መጽሐፍ ለሦስተኛው ምሽት አቆዩት።